የሚያብረቀርቁት ወታደሮች

ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ሰሞን እንግሊዝ ውስጥ የኢትዮጵያ ወታደር በሱቅ ይሸጥ ነበር። የእርሳስ ወታደር። ብሪቴንስ የተባለው ዝነኛ የአሻንጉሊት አምራች የአፄ ኃይለ ሥላሴን ክቡር ዘበኛ በሣጥን አሽጎ ለገበያ አቀረበ። የጣልያን እግረኛም በዚያው ዘመን ወጣ። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ልጅ ሁለቱንም ገዝቶ ምንጣፍ ላይ ማዋጋት ይችል ነበር።

እውነተኛው ክቡር ዘበኛ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ተዋጋ። የጣልያን አውሮፕላኖች በዚያ ጦርነት የሰናፍጭ ጋዝ ረጭተዋል። በሣጥን ያለው ግን ፊቱ የጠራ፣ ልብሱ የሚያብረቀርቅ ነበር። ሰልፍ ላይ እንጂ ጦርነት ላይ ያለ አይመስልም።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ማብረቅረቅ ነው። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ ግን አንድ ዘመን ጦርነትን እንዴት ማየት እንደሚፈልግ ይነግረናል።

ታሪኩን ትንሽ ወደኋላ እንመልሰው። እ.ኤ.አ. በ1893 የዊሊያም ብሪቴን ቤተሰብ የለንደን ድርጅት አዲስ ዘዴ ይዞ መጣ። የቀለጠውን የእርሳስ ቅልቅል ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ያፈስሱታል፤ ዳር ዳሩ ሲጠጥር ገና ያልጠጠረውን የመሐሉን ገልብጠው ያወጡታል። የሚቀረው ውስጡ ባዶ፣ ቀላልና ርካሽ ወታደር ነው። በዚህ ዘዴ ገበያውን ይዘው የነበሩትን የጀርመን ድፍን ወታደሮች ተፎካከሯቸው። ቁመቱ 54 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የሚቀባውም በሚያብረቀርቅ ቀለም ነው፤ ቀይ ኮት፣ ነጭ ቀበቶ፣ ጥቁር ባርኔጣ። እውነተኛው የእንግሊዝ ጦር ቀዩን ኮት ከጦር ሜዳ አውጥቶ ካኪ ከለበሰ በኋላ እንኳ በአሻንጉሊቱ ዓለም ቀዩ አልጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ1913 ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ «ሊትል ዎርስ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። አዋቂዎች ወለል ላይ ተንበርክከው፣ በሞላ በምትተኩስ ሚጢጢ መድፍ የእርሳስ ወታደሮችን የሚጥሉበት ጨዋታ ነው። ዌልስ ግን ጦረኛ አልነበረም፤ ሰዎች የጦርነት አምሮታቸውን በአሻንጉሊት ቢወጡት ይሻላል ባይ ነበር። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ጦረኞቹ በአሻንጉሊት አልረኩም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ነገሩ ተቀየረ። የእርሳስ መርዛማነት አሳሳቢ ሆነ፤ ፕላስቲክም በርካሽ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ብሪቴንስ ውስጠ ባዶውን የእርሳስ ወታደር ማምረት አቆመ። ትንንሾቹን ምስሎች መቀባት ደግሞ ቀስ በቀስ የአዋቂዎች የእጅ ሥራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የእንግሊዞቹ ዋርሃመር ጨዋታ ልማዱን ለብዙ ወጣቶች አዳረሰው። የእነዚህ ቀቢዎች ምኞት ከድሮው ተቃራኒ ነው፤ ወታደሩ እንዳያብረቀርቅ ይፈልጋሉ። ለዚህም ሁለት ነገሮች ይጠቀማሉ።

አንደኛው «ዋሽ» ይባላል። ውኃ ያህል የቀጠነ ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም ነው። በተቀባው ምስል ላይ ሲደረግ ከጉብታው ላይ ይሸሽና ወደ ስርጉዱ ይወርዳል፤ የልብሱ እጥፋት፣ የጣቶቹ መሐል፣ የዓይኑ ሥር ይጠቁራል። ምስሉ ከአውራ ጣት ብዙ ስለማይበልጥ የክፍሉ ብርሃን ብቻውን በቂ ጥላ አይሰጠውም፤ ጥላውን ቀቢው ይሰጠዋል። ሲበዛ ግን ይጠራቀምና ሲደርቅ ዳር ዳሩን እንደ ቡና ስኒ ምልክት ይተዋል።

ሁለተኛው «ማት ቫርኒሽ» ነው፤ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ። ውስጡ ያሉት ደቃቅ ቅንጣቶች ብርሃኑን ይበትኑታል። አንጸባራቂ ቀለም ላይ የአምፖሉ ብርሃን ነጥብ ሆኖ ስለሚታይ ዓይናችን ወዲያው «ይህ አሻንጉሊት ነው» ይላል። ማት ሲሆን ያ ምልክት ይጠፋል። ጨርቁ ጨርቅ፣ ጭቃው ጭቃ ይመስላል። በዚያው ላይ ቀለሙን ከእጅ ንክኪ ይጠብቃል። እርጥበት ባለበት ቀን ከተረጨ ግን ምስሉን ሁሉ ነጭ ጉም ሊያለብሰው ይችላል።

እንግዲህ ሰልፈኛው ወታደር የደከመ ወታደር ሆነ። እውነቱ ተገኘ ማለት ነው? እኔ አይመስለኝም። ጭቃውም እንደ ቀዩ ኮት ከጠርሙስ የወጣ ቀለም ነው። አያትም፣ አይሸትም፣ እናቱን አያስለቅስም። እንዲያውም የሚያብረቀርቀው አሻንጉሊት አንድ ቅንነት አለው፤ አሻንጉሊት መሆኑን አይደብቅም። ማቱ ግን እውነት መስሎ ሊያታልለን ይችላል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ያለፉትን ዓመታት ጦርነቶቻችንን አብዛኞቻችን ያየነው በስልክ ነው። አንዳንዱ ምስል አብረቅርቆ መጣ፤ ዘፈን፣ ባንዲራ፣ የተተኮሰ ዩኒፎርም። ያንን መጠራጠር ቀላል ነው። ሌላው ግን አቧራና ጭስ ለብሶ፣ በሚንቀጠቀጥ ካሜራ ተቀርጾ መጣ፤ ስለቆሸሸ ብቻ አመንነው። ማን ቀረጸው፣ መቼ፣ የት፣ ምንስ ተቆርጦ ቀረ ብለን አልጠየቅንም። እኔም ጋዜጠኛ ተብዬ ከዚህ ስሕተት ነፃ አይደለሁም።

የክቡር ዘበኛ ሣጥኖች ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ናቸው። የሰብሳቢዎች ደንብ ጥብቅ ነው፤ የመጀመሪያው ቀለም መነካት የለበትም፣ እንደ አዲስ የተቀባ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ በእነዚያ ፊቶች ላይ ማንም ዋሽ አያፈስስም፤ እንዳብረቀረቁ ይቀራሉ። ጥላውን የሚጨምርላቸው ማይጨውን የሚያውቅ ተመልካች ብቻ ነው።