ፕሮግራም ሲባል
ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ «ቅዳሜ ፕሮግራም አለብኝ» ያለ ሰው ሠርግ ወይም ማኅበር እንዳለበት ማንም አይስተውም። ግራፍ የሚሥል ካልኩሌተር «ፕሮግራም ይደረጋል» ሲባል ግን ተማሪው ግር ይለዋል፤ ማሽን ምን ቀጠሮ አለው? ቃሉ በግሪክ «አስቀድሞ የተጻፈ፣ ለሕዝብ የተለጠፈ» ማለት ነበር፤ እኛ ቀጠሮውን ይዘን ጽሑፉን ጣልነው። ካሲዮ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ኤፍኤክስ-7000ጂ ካልኩሌተር ላይ ግን ዋናው ጽሑፉ ነው፤ ለምሳሌ የበቆሎ ሽያጭ ለማስላት፦ ኩንታሉን ጠይቅ (አንዲት የጥያቄ ምልክት ትበቃለች)፣ ዋጋውን ጠይቅ፣ አባዛ፣ አሳይ። ገበያው ቢለዋወጥም ትእዛዙ ያው ነው። «መርሐ ግብር» አለልን የሚል ይኖራል። ፍቺው ባይከፋም በግብዣ ካርድ ላይ ውሎ ውሎ የሰዓት ዝርዝር ሆኗል። ለካልኩሌተሩ «ቅድመ ትእዛዝ» ይሻላል። ረዘመ ቢባልም፣ ጀማሪው ምን ሊጽፍ እንደተቀመጠ ይነግረዋል።