ቀይ ቆብ ያጠለቀው ዘበኛ፦ የለንደን ደጃፍ ኖሞች ታሪክ

በለንደን ዳርቻ ሰፈሮች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው በተሠሩት ቤቶች ደጃፍ፣ አልፎ አልፎ ጢሙ የረዘመ፣ ቀይ ሾጣጣ ቆብ ያጠለቀ ትንሽ ሽማግሌ ቆሞ ይታያል። አንዱ ዓሣ ያጠምዳል፣ ሌላው አካፋ ይዟል፣ ሌላው ፒፓውን ያጨሳል። እንግሊዞች «ኖም» ይሉታል። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ዘመድ «ይመለክበታል እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አይመለክበትም። ነገር ግን የባለቤቱን መደብ እንደ እሱ ፈጥኖ የሚያሳብቅ የደጃፍ ጌጥ ጥቂት ነው። ኖም ያቆመ ሰው «ለዛ ቢስ» ይባላል፤ ሳይነገረው፣ ከጀርባው።

ስሙን ያወጣለት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ስዊዛዊው ሐኪም ፓራሴልሰስ ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ዓሣ በውኃ ውስጥ እንደሚዋኝ ሁሉ በመሬት ውስጥ የሚመላለሱ ትንንሽ ፍጡራን አሉ ብሎ ጻፈ። እምነቱ ግን በጀርመን ማዕድን ቆፋሪዎች ዘንድ ቀድሞም ነበር፦ ከምድር በታች ያለውን ሀብት የሚጠብቁ፣ ሲቀየሙም ቆፋሪውን የሚያሞኙ መናፍስት። ኮባልት የተባለው ማዕድን ስሙን ያገኘው ከእነዚሁ ከአንዱ፣ ከ«ኮቦልድ» ነው። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ በኮርንዎል፣ ቆርቆሮ የሚያወጡ ሠራተኞችም ከጉድጓዱ ግድግዳ ማዶ የሚያንኳኩ ትንንሽ ሰዎች አሉ ብለው ከምሳቸው ቁራሽ ይተዉላቸው ነበር። የተቀበረ ወርቅ ጋኔን ይጠብቀዋል ሲባል እየሰማ ላደገ ለእኛ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም።

ወደ እንግሊዝ የአትክልት ቦታ ያመጣቸው ግን ቆፋሪ አልነበረም፤ ባለማዕረግ ባለርስት ነው። ሰር ቻርልስ አይሻም በኖርዛምፕተንሺር ባለው ላምፖርት ሆል በተባለው ቤቱ አጠገብ ድንጋይ ከምሮ ትንሽ ተራራ ሠራ። በ1840ዎቹ ከኑረምበርግ ከተማ 21 የሸክላ ኖሞች አስመጥቶም ማዕድን ቆፋሪ አስመስሎ በዓለቱ ላይ አሰማራቸው። ሰውየው ሥጋ አይበላም፣ መናፍስት ያምናል፤ በጉድጓድ ውስጥ የሚያንኳኩት ፍጡራን እውነተኛ ስለመሆናቸውም አልተጠራጠረም። በ1903 ሲሞት ሴት ልጆቹ ኖሞቹን አስወገዱ። የተረፈው በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ተረስቶ የቆየው አንድ ብቻ ነው። ዛሬ «ላምፒ» ይሉታል፤ የአንድ ሚሊዮን ፓውንድ መድን ተገብቶለታል። ያውም ለአንድ ክንድ ለማይሞላ ሸክላ!

ሀብታሙ የለንደን ጠበቃ ሰር ፍራንክ ክሪስፕም በቴምዝ ዳር ባለችው በሄንሊ ከተማ፣ ፍራያር ፓርክ በተባለው ግቢው፣ ማተርሆርን የተባለውን የስዊስ ተራራ በትንሹ አስገንብቶ፣ በሰው ሠራሽ ዋሻዎቹም ኖሞች አኑሮ ነበር። በ1970 ግቢውን የገዛው ከቢትልስ አንዱ የሆነው ጆርጅ ሃሪሰን ነው። በዚያው ዓመት ባወጣው አልበም ሽፋን ላይ በሣሩ መካከል ተቀምጦ፣ ኖሞቹ ዙሪያውን ተጋድመው ይታያሉ። እንዲህ ባሉ ሰዎች ግቢ የተገኘ ኖም «የትልቅ ሰው ዐመል» ተብሎ ይታለፋል።

ንቀቱ የመጣው ዋጋው ሲወርድ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ለንደን ወደ ዳር ተስፋፋች፤ ጸሐፊውና የሱቅ ሠራተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ የሚለው ቁራጭ መሬት በደጁ አገኘ። ሲሚንቶ በቅርጽ እያፈሰሱ ኖም ማውጣትም ቀላል ነበር። በ1937 የወጣው የዲዝኒ «ስኖው ዋይት» ፊልም ደግሞ ሰባቱን ድንኮች ለልጅ ለአዋቂው አስተዋወቀ።

ከዚህ ንግድ እንጀራቸውን ካገኙት አንዱ ቶም ሜጀር ቦል ነበር። በወጣትነቱ የሰርከስና የመድረክ ሰው ነው፤ በኋላ በደቡብ ምዕራብ ለንደን፣ በዉስተር ፓርክ፣ የአትክልት ጌጣጌጥ እየሠራ ይሸጥ ጀመር። ንግዱ ከሰረ። በ1955 ቤተሰቡ ቤቱን ሸጦ ብሪክስተን ውስጥ ሁለት የኪራይ ክፍሎች ውስጥ ገባ። ትምህርቱን ቀደም ብሎ ያቋረጠው ትንሹ ልጅም በተራው ከወንድሙ ጋር የአትክልት ጌጥ ሠርቷል። ያ ልጅ ጆን ሜጀር ነው፤ በ1990 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በ1992 ምርጫ ፓርቲው ብሪክስተንን በፖስተር ላይ አወጣው፦ የሠራተኛ ልጅ ከዚያ ተነሥቶ የት እንደደረሰ እዩ ለማለት። ጋዜጦቹና ቀልደኞቹ ግን የያዙት ኖሙን ነው። ድህነቱ የሚያስመካ የሕይወት ታሪክ ሆነ፤ አባቱ ድህነቱን ሊያሸንፍበት የሞከረው ሥራ ግን መሳቂያ። በእኔ ግምት ድህነቱን ይቅር ያሉት ስላለፈ ነው። ኖሙ ግን አላለፈም፣ በየደጁ ገና ቆሟል።

እኛስ? በ1930 ለንግሥ በዓሉ አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የሚንቅ የለም። የዚያው አንበሳ የሲሚንቶ የልጅ ልጅ በአንድ ነጋዴ የአጥር በር ግራና ቀኝ ጉብ ሲል ግን «የአዲስ ሀብታም ነገር!» ብለን እናልፋለን። ባለቤቱ ያን አንበሳ ሲያስቀርጽ ምን ያህል ዓመት የኪራይ ቤት እንደኖረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ለንደን ውስጥ ንቀቱ በደንብ ተጽፎም ነበር። ከ1913 ጀምሮ በቼልሲ በሚካሄደው ታላቁ የአበባ ትርኢት፣ የንጉሣዊው የአትክልት ማኅበር ደንብ ደማቅ ቀለም ያላቸውን የፍጡራን ምስሎች ይከለክላል፤ ኖም ማለቱ ነው። በ2009 የታወቀች የቅጠላ ቅጠል አትክልተኛ አንዱን በተክሎቿ መካከል ደብቃ አስገባች። በ2013፣ ትርኢቱ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ክልከላው ለዚያ ጊዜ ብቻ ተነሣ፤ ኤልተን ጆንን የመሰሉ ዝነኞች ቀለም የቀቧቸው ኖሞች ለበጎ አድራጎት በጨረታ ተሸጡ። በዓሉ ሲያልፍ ደንቡ ተመለሰ።