የመድፍ መለኰሻ

በቋንቋችን መድፍ «ተኰሰ» የሚለው ቃል የጋለ ብረት አስነክቶ ማቃጠልንም ያመለክታል፤ መድኃኒተኛ ቍስልን ይተኵሳል። የጥንቱን የመድፍ አተኳኰስ የመረመረ ሰው ቃሉ እጅግ የሚስማማ ሆኖ ያገኘዋል።

የጥንት መድፍ በስተኋላው አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለችው፤ መድፈኛው በእርስዋ ላይ ደቃቅ ባሩድ ነስንሶ እሳት ያስነካል። ዋልተር ደ ሚልሜት የተባለ እንግሊዛዊ በ1326 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ለኤድዋርድ 3ኛ ባዘጋጀው መጽሐፍ፥ ጥሩር የለበሰ ወታደር በእንስራ ቅርጽ ለተሠራ መድፍ እሳት ሲያስነካ ተሥሎ ይታያል። ብረት ማጋያው ፍም ከባሩድ አጠገብ መቀመጡ ግን ከጠላት ይልቅ ባለቤቱን የሚያሰጋ ነው።

ስለዚህ ከተልባ እግር ወይም ከቃጫ የተገመደ ገመድ፥ ባሩድ በሚቀመምበት ጨው ውሃ ተነክሮ እንዲደርቅ ተደረገ። ይህ ገመድ ነበልባል ሳያወጣ እንደ ኩበት እሳት ለሰዓታት ይጤሳል። መድፈኞችም መንጋጋ ባለው ዘንግ ጫፍ ላይ ጠመጠሙት። የዘንጉ መርዘም በከንቱ አልነበረም፤ መድፉ ሲተኰስ ወደ ኋላ ይፈናጠራል፥ ከቀዳዳዋም ነበልባል ይወጣል፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ያልቆመ መድፈኛ በገዛ መድፉ ይሞታል። የዘንጉ እግር ሹል ብረት ስለ ሆነ መሬት ላይ ተተክሎ ይቆያል፥ ገመዱም ርጥበት አይነካውም።

በባሕር ላይ ችግሩ ሌላ ነበር። መርከብ ሲወዛወዝ ዒላማው ከአፈሙዙ ፊት የሚቆየው ለቅጽበት ነው፤ መድፈኛው ክንዱን ዘርግቶ ባሩዱ እስኪያያዝ ድረስ ጥይቱ ወይ ወደ ሰማይ ወይ ወደ ውሃ ይሄዳል። ሰር ቻርልስ ዳግላስ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ አዛዥ «ዱክ» ለተባለችው መርከቡ መድፎች የባልጩት ቃታ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ አስገጠመ። ከዚያ ወዲያ መድፈኛው ከኋላ ቆሞ እያነጣጠረ ገመድ መሳብ ብቻ ሆነ ሥራው። በ1782 በሴንትስ ደሴቶች አጠገብ እንግሊዞች ፈረንሳዮችን ድል ሲያደርጉ ዘዴው ተፈተነ፤ የባሕር ኃይሉ በሰፊው የተቀበለው ግን በ1790 ነው። መሥሪያ ቤት የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። እንዲያም ሆኖ ባልጩቱ እንቢ ያለ እንደ ሆነ ተብሎ የሚጤሰው ገመድ በገንዳ ተይዞ ይጓዝ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት ባልጩቱን የፍትጊያ ቱቦ ተካው። ይህ ባሩድ የተሞላ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ነው፤ ገመድ ሲሳብ በውስጡ ያለው ሻካራ ሽቦ እንደ ክብሪት ይፋተግና እሳቱ ወዲያው ወደ ባሩዱ ይወርዳል። በ1868 ወደ መቅደላ የወጡት የእንግሊዝ የተራራ መድፎች የሚተኰሱት በዚህ ዓይነት ቱቦ ነበር።