ዓይነ ርግብና ዐዋጅ

የሰው ልጅ ልብስ ገላን ከብርድና ከሐሩር ከመከላከል አልፎ የማዕረግ፣ የሃይማኖትና የወገን ምልክት ሆኖ ኖሯል። ከዚህም የተነሣ ሥልጣን የያዙ ክፍሎች በየዘመኑ የሕዝባቸውን አለባበስ በዐዋጅ ለመወሰን ሞክረዋል። ባለፉት መቶ ዓመታት ግን የሙስሊም ሴቶችን የፊት መሸፈኛ ያህል ብዙ ክርክር ያስነሣ፣ ብዙ ትእዛዝ የወጣበትና ደምም የፈሰሰበት ልብስ ማግኘት ያስቸግራል። ጥያቄው በአጭሩ ሲቀርብ ቀላል ይመስላል፤ ሴቶች በአደባባይ ፊታቸውን እንዳይሸፍኑ ሕግ ሊከለክላቸው ይገባልን? መልሱን ከመሻት በፊት ይህንን የሞከሩ መንግሥታት ምን እንደገጠማቸው መመርመር ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሒጃብ በተለምዶ ጸጉርንና አንገትን የሚሸፍን ሲሆን ፊትን አይጋርድም። ኒቃብ ዓይንን ብቻ አስቀርቶ ፊትን ይሸፍናል፤ በአፍጋኒስታን የሚለበሰው ቡርቃ ደግሞ ዓይንንም ጭምር በመረብ መሳይ ጨርቅ ይከልላል። በአማርኛ ዓይነ ርግብ የሚባለው ስስ መሸፈኛም የዚሁ ዘመድ ነው። በእስልምና ሊቃውንት መካከልም ስምምነት የለም። ብዙዎቹ ፊትን መሸፈን ግዴታ አይደለም ሲሉ፣ ሌሎች ግዴታ ነው ይላሉ። በሐጅ ጊዜ ኢሕራም ያደረገች ሴት ኒቃብ እንዳታደርግ መደንገጉ በዚህ ክርክር ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። በካይሮ የሚገኘው አል አዝሐርም በ2009 ሴቶች ብቻ በሚማሩባቸው ክፍሎች ውስጥ ኒቃብ እንዳይደረግ ወስኗል። እንግዲህ ክርክሩ በሙስሊሞችና በሌሎች መካከል ብቻ ሳይሆን በሙስሊሞችም መካከል የሚካሄድ ነው።

የግብፅ ታሪክ ዐዋጅ ያልገባበት ምሳሌ ነው። በ1899 ቃሲም አሚን የተባሉት የሕግ ሰው ስለ ሴቶች ነፃነት መጽሐፍ አሳትመው ብርቱ ሙግት አስነሥተው ነበር። በ1923 ደግሞ ወይዘሮ ሁዳ ሻዕራዊ ሮማ ላይ ከተደረገው ዓለም አቀፍ የሴቶች ጉባኤ ሲመለሱ፣ በካይሮ ባቡር ጣቢያ ፊታቸውን ገልጠው ታዩ። ያዘዛቸው መንግሥት፣ ያስገደዳቸው ፖሊስም አልነበረም። በሚቀጥሉት ዐሥርተ ዓመታት የፊት መሸፈኛ በከተማው የተማረ ቤተሰብ ዘንድ ቀስ በቀስ እየቀረ ሄደ።

በሶቪየት ማዕከላዊ እስያ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። የኡዝቤክ ከተሞች ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚወርድ ፓራንጂ የተባለ ካባ ይደርቡ፣ ፊታቸውንም ከፈረስ ጭራ በተሠራ ቻችቮን ይሸፍኑ ነበር። የኮሙኒስት ፓርቲው መጋቢት 8 ቀን 1927፣ በዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን፣ «ሁጁም» የተባለ ዘመቻ ከፈተ፤ ትርጓሜውም ማጥቃት ማለት ነው። በታሽከንትና በሳማርቃንድ አደባባዮች ሴቶች መሸፈኛቸውን በሕዝብ ፊት እየጣሉ በእሳት አቃጠሉት። ሰልፉ ሲያበቃ ግን እያንዳንዷ ሴት ወደ ሰፈሯ፣ ወደ ባሏና ወደ ወንድሞቿ መመለስ ነበረባት። ከብዙዎቹ ጥቂት ቀን ሳይቆዩ እንደገና የተሸፈኑ ነበሩ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ፊታቸውን በመግለጣቸው የተገደሉት ሴቶች በተመራማሪዎች ግምት ወደ 2,000 ይጠጋሉ። ኑርኾን ዩልዳሼቫ የተባለችው ወጣት ተወዛዋዥ በ1929 የሞተችው በገዛ ወንድሟ እጅ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በጥሞና ሊታይ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ክልከላ በሕግ እንዲወጣ አጥብቀው ከጠየቁት መካከል ራሳቸው ፊታቸውን የገለጡ የኡዝቤክ ሴቶች ነበሩበት። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፤ ሁሉም ሴት በአንድነት ከገለጠች ለብቻዋ ተለይታ የምትወጋ አትኖርም፣ ባልም «መንግሥት አዘዘ» ብሎ ከጎረቤት ወቀሳ ይድናል የሚል ነው። ይህ ከምቾት የመነጨ ሐሳብ ሳይሆን ሞት በደጃቸው የቆመባቸው ሰዎች ጥያቄ ነበር። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ብዙ ከተከራከሩበት በኋላ በኡዝቤኪስታን አጠቃላይ የክልከላ ዐዋጅ ሳይወጣ ቀረ። ፓራንጂ ከመንገድ የጠፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ልጃገረዶች በትምህርት ቤት ካለፉና እናቶች ደመወዝተኛ ከሆኑ ወዲህ ነው። ነገሩ ግን በዚያ አልተዘጋም፤ ነፃ የሆነችው ኡዝቤኪስታን በ2023 በአደባባይ ፊትን መሸፈን በገንዘብ መቀጮ የሚያስቀጣ ሕግ አውጥታለች።

በኢራን ሬዛ ሻህ ፓህላቪ ይህን መንገድ በትእዛዝ ሄዱበት። በ1935 የአውሮፓ ባርኔጣ እንዲደረግ መታዘዙን የተቃወሙ ሰዎች በማሽሃድ ጎሃርሻድ መስጊድ ተሰብስበው ሳሉ ወታደር ተኩሶባቸው ብዙዎች አለቁ። ጥር 8 ቀን 1936 ንግሥቲቱና ልዕልቶቹ በቴህራን የመምህራን ማሠልጠኛ በተደረገ ሥነ ሥርዓት ያለ ቻዶር ቀረቡ። ከዚያ ወዲህ ፖሊስ የፊት መሸፈኛውን ብቻ ሳይሆን ቻዶሩንና የራስ መሸፈኛውንም በመንገድ ላይ ይገፍ ጀመር። የመንግሥት ሠራተኞች ሚስቶቻቸውን ገልጠው ወደ ግብዣ እንዲያመጡ ታዘዙ። ለአንዳንድ ወጣት ሴቶች ይህ የትምህርትና የሥራ በር ሲከፍት፣ ብዙ ሴቶች ደግሞ ከሚገፈፉ ብለው ከቤታቸው ሳይወጡ ቀሩ። ሻሁ በ1941 ከዙፋናቸው ሲወርዱ ብዙዎቹ ወደ ቻዶራቸው ተመለሱ።

ከ1979 አብዮት በኋላ ያው አገር በተቃራኒው አቅጣጫ ዞረ። በ1983 የወጣው ሕግ ጸጉሯን ያልሸፈነች ሴት እስከ 74 ጅራፍ እንድትገረፍ ደነገገ። በ2022 ማሕሳ አሚኒ በሥነ ምግባር ፖሊስ ተይዛ ሳለች ሕይወቷ ማለፉ አገሪቱን ያናወጠ ተቃውሞ አስነሣ። የአያቲቱን መሸፈኛ የገፈፈውም ሆነ የልጅ ልጇን ለመሸፈን ያስገደደው የመንግሥት እጅ ነው። በሁለቱም ጊዜ ሴቲቱ ምን ትፈልጋለች ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ዛሬ ክርክሩ በይበልጥ የሚሰማው በአውሮፓ ነው። ፈረንሳይ ለጉዳዩ አዲስ አይደለችም። በግንቦት ወር 1958፣ የአልጄሪያ ነፃነት ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት፣ በአልጀርስ አደባባይ በጦሩ ደጋፊነት አልጄሪያውያን ሴቶች መሸፈኛቸውን የሚገልጡበት ሥነ ሥርዓት ተደርጎ ነበር። ውጤቱ ግን የተጠበቀው አልሆነም፤ መሸፈኛው ለብዙዎች የባዕድ አገዛዝን የመቃወም ምልክት ሆነ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ጥያቄው በፓሪስ ምክር ቤት ተነሣ። የአገር ግዛት ሚኒስቴር በሰጠው ግምት በመላ አገሪቱ ፊታቸውን የሚሸፍኑት ሴቶች 1,900 ገደማ ነበሩ። ከፍተኛው የመንግሥት አማካሪ ምክር ቤት አጠቃላይ ክልከላ ጽኑ የሕግ መሠረት እንደማይኖረው ቢያስጠነቅቅም፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት 246 ለ1 በሆነ ድምፅ አጸደቀው፤ ሕጉም ከሚያዝያ 11 ቀን 2011 ጀምሮ ጸና። ፊቷን በአደባባይ የሸፈነች ሴት እስከ 150 ዩሮ ትቀጣለች፤ ሌላዋን እንድትሸፍን ያስገደደ ሰው ግን የአንድ ዓመት እስራትና የ30,000 ዩሮ መቀጮ ይጠብቀዋል።

ሕጉ ለአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ቀርቦ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ውሳኔ አገኘ። ፍርድ ቤቱ መንግሥቱ ያቀረባቸውን የሴቶች እኩልነትና የሰብአዊ ክብር ምክንያቶች አልተቀበለም። ስለ ጸጥታ የቀረበውንም፣ ልዩ አደጋ ሳይኖር አጠቃላይ ክልከላ ከመጠን ያልፋል በማለት ውድቅ አደረገው። ሕጉን ያጸናው ዜጎች ፊት ለፊት እየተያዩ «አብሮ ለመኖር» ያላቸውን ጥቅም በመቀበል ብቻ ነው፤ ከ17ቱ ዳኞች ሁለቱ በሐሳብ ተለይተዋል። በ2018 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በተቃራኒው ሕጉ የሃይማኖት ነፃነትን ይጥሳል ሲል ደመደመ። በስዊዘርላንድም በ2021 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ክልከላው 51.2 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ ውሏል። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ የፈረንሳይ መንግሥት በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ አፍና አፍንጫ የግድ እንዲሸፈን አዘዘ፤ የ2010ሩ ሕግ ግን አልተሻረም። ከዚህ እንደሚታየው ያከራከረው የጨርቁ መኖር ሳይሆን የሚሰጠው ትርጉም ነው።

የክልከላ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ሁሉ ከንቱ አይደለም። ፊት የሰው መታወቂያ ነው፤ በፓስፖርት መመርመሪያ፣ በፈተና አዳራሽና በምስክርነት ሳጥን ውስጥ ፊት እንዲታይ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ለዚህም የተወሰነ ደንብ ይበቃል። በባሏ ወይም በአባቷ ዱላ የምትሸፈን ሴት መኖሯም እውነት ነው። እርሷን ሕግ አላየሁሽም ሊላት አይገባም። ነገር ግን የፈረንሳዩ ሕግ ራሱ ሁለት የተለያዩ ክንዶች አሉት፤ አንዱ አስገዳጁን፣ ሌላው የተሸፈነችውን ይይዛል። በተግባር ለፖሊስ የሚቀለው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ኒቃብ በመንገድ ላይ ሲታይ ዱላ ግን በቤት ውስጥ ይደበቃል። ተገዳ የተሸፈነችው ሴት ስትቀጣ መቀጮውን የምትከፍለው ለደረሰባት በደል ነው፤ ወድዳ የለበሰችው ስትቀጣ ደግሞ የምትከፍለው ለእምነቷ ነው።

ከታሽከንት እስከ ቴህራን የተደረገው ሙከራ የሚያስረዳው፣ ዐዋጅ መንገዱን በአንድ ቀን ሊለውጥ ቢችልም ወደ ቤት የምትመለሰውን ሴት ተከትሎ መጠበቅ እንደሚያቅተው ነው። ለውጡ የጸናው ሴቲቱ ማንበብ ስትችል፣ የራሷን ገንዘብ ስትይዝና የመታችውን እጅ ከሳ የምትረታበት ዳኛ ስታገኝ ነው። ስለሆነም ሕግ አውጪ ክልከላ ከመደንገጉ በፊት አንድ ጥያቄ ለራሱ ቢያቀርብ ይበጃል፤ ይህ ሕግ በወጣ ማግስት ቅጣቱ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? መልሱ «በሴቲቱ ላይ» ከሆነ፣ ሕጉ ነፃ አወጣት ለማለት ያስቸግራል።