ከቴሌፕሪንተር እስከ ጥቁሩ መስኮት፦ ፊደላችንና ተርሚናል

በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው ሽሮ ሜዳ በተከራየሁት ክፍል፣ ከጓደኛ በገዛሁት አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ሊኑክስ ጭኜበታለሁ። ፎልደሮቼን በአማርኛ ነበር የሰየምኳቸው፤ አንዱ «ምዕራፍ»፣ ሌላው «መዝገብ»። አንድ ማታ ተርሚናል ከፍቼ ዝርዝሩን ሳይ ሁለቱም ስሞች አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት የጥያቄ ምልክት ሆነው ቀረቡ። አሮጌውን በቀኑ ለየሁትና ምልክቶቹን በማውዝ ኮፒ አድርጌ ከማጥፊያው ትእዛዝ ቀጥሎ ለጠፍኳቸው። ለካ እዚያ የጥያቄ ምልክት ማለት «ማንኛውም አንድ ምልክት» ማለት ነው! ሁለቱም ፎልደሮች አብረው ጠፉ። የሦስት ወር ሥራ በአንድ መስመር አለቀ።

ያን ጊዜ ተርሚናሉን ረገምኩት። በኋላ ነው ታሪኩ ረጅም መሆኑ የገባኝ።

ዛሬ ተርሚናል የምንለው ጥቁር መስኮት የድሮ መሣሪያ አስመሳይ ነው። የጥንት አባቱ ቴሌፕሪንተር ሲሆን፣ ሊኑክስ ውስጥ እስከ ዛሬ «ቲቲዋይ» የሚለው ስም የቴሌታይፕ ቅሪት ነው። የተለመደው የቴሌፕሪንተር ኮድ በአምስት ምልክት ስለሚሠራ 32 ጥምረት ብቻ ነበረው። ከ200 በላይ ለሆነው ፊደላችን ይህ የማይታሰብ ጥበት ነው። ያም ሆኖ መሐንዲስ ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሠርተው አሳይተዋል። ፊደልን ከማሽን ጋር የማስታረቁ ሥራ እንግዲህ ከኮምፒውተር በፊት የጀመረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቪቲ100 ስክሪኑን በ24 መስመርና በ80 ዓምድ ከፋፈለው። በ1984 የተጀመረው ኤክስተርምም ይህንኑ ወረሰ። እያንዳንዱ ፊደል እኩል ሳጥን ይሰጠዋል። ለእንግሊዝኛ ይስማማል፤ የእኛ «ጨ» እና «ሐ» ግን ከ«ነ» ጋር እኩል ቦታ አይበቃቸውም።

አስኪ የተባለው ኮድም 128 ቦታ ብቻ ነበረው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በላቲን ፊደል ለመጻፍ «ሰራ» የተባለውን ስልት ያወጡት ለዚህ ነው። በኢሜይል መልእክት ለሚለዋወጡ ኢትዮጵያውያን እፎይታ ነበር። በ1999 ደግሞ ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቦታ ሰጠ። በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል። «ምዕራፍ» አራት ፊደል ነው፤ አራት በሦስት አሥራ ሁለት። የጥያቄ ምልክቶቼ ከየት እንደመጡ አያችሁ? ፊደሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ በደህና ተቀምጦ ነበር። ያልተስተካከለው የእኔ የቋንቋ ቅንብር ነው፤ ጥፋቱ የተርሚናሉ ብቻ አልነበረም።

አሁን ወጣት መምህራን «የትኛውን ተርሚናል ልጠቀም?» ሲሉኝ የፕሮግራም ስም አላስቀድምም። መጀመሪያ ቅንብሩ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን እዩ እላለሁ። ቀጥሎ የአማርኛ ስም ያለው ፋይል ፍጠሩ፤ ዘርዝሩት፤ ከመሃሉ አንድ ፊደል ሰርዙ፤ ኮፒ አድርጋችሁ መልሳችሁ ለጥፉት። ጠቋሚው ቦታውን ከሳተ ወይም ፊደሎቹ ከተደራረቡ ሌላ ሞክሩ። ኖም ተርሚናልና ኮንሶል የጎደለ ፊደል ከሌላ ፎንት ፈልገው ያመጣሉ። ኤክስተርም ቀላልና ፈጣን ነው፤ ፎንቱን ግን ራሳችሁ ልትመርጡለት ይገባል። በዊንዶውስ ፑቲን የምትጠቀሙ የፊደል ኮዱን አረጋግጡ፤ በ2019 ይፋ የሆነው ዊንዶውስ ተርሚናልም አለ። መብራት ወይም ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ከሩቅ ሰርቨር ላይ ያለ ሥራ እንዳይቋረጥ ደግሞ ስክሪን ወይም ቲመክስን ልመዱ። እሱ ከየትኛውም የመስኮት ውበት ይበልጣል።

ጽሑፌን እንደገና ጽፌ፣ ዘግይቼ ተመረቅሁ። ላብራቶሪ የምታደራጁ መምህራን ሆይ፣ አደራ! ማሽኑን ለተማሪ ከመስጠታችሁ በፊት የገዛ ስማችሁን በአማርኛ ጽፋችሁ ተርሚናሉ ላይ እዩት። በትክክል ካነበባችሁት ተማሪውም ሥራውን አያጣም።