በርሊን፦ ሌሎችን የከፈለች፣ ራሷም የተከፈለች ከተማ

ለትምህርት ጉዞ በርሊን ብትሄዱ መጀመሪያ የሚያሳዩአችሁ ግንቡን ነው። እኔ ግን ከቪልሄልም ጎዳና ጀምሩ እላለሁ። ቁጥር 77 ላይ የነበረው የቢስማርክ ቢሮና መኖሪያ ዛሬ የለም፤ ጦርነት አፈራርሶት፣ አካባቢውን ተራ አፓርታማዎች ሞልተውታል። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 15 ቀን 1884 እስከ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1885 የ14 አገሮች ተወካዮች ስለ አፍሪካ የመከሩት እዚህ ነበር። አንድም አፍሪካዊ አልተጋበዘም።

«ካርታ ዘርግተው እንደ ኬክ ቆረሱን» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ነገሩ ትንሽ ይለያል። አብዛኞቹ ድንበሮች የተሰመሩት በኋላ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በተፈራረሟቸው ውሎች ነው። ጉባኤው ያወጣው የሽሚያውን ደንብ ነው፦ አዲስ የባሕር ዳርቻ የያዘ ለሌሎቹ ያሳውቅ፣ በቦታውም ሥልጣኑን ያሳይ። ስብሰባው ሳያልቅ፣ ፌብሩዋሪ 5 ላይ ጣልያን ምጽዋን ያዘች። ስብሰባው በተዘጋ ማግሥት ደግሞ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት፣ ካርል ፔተርስ በምሥራቅ አፍሪካ «ገዛሁት» ላለው መሬት የጥበቃ ደብዳቤ ሰጡት። ይህን ስም ያዙልኝ።

አሁን ጎዳናውን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ውረዱ። ብዙም ሳትርቁ የግንቡ ቅሪት ያጋጥማችኋል። ታዲያ ግንቡ ለምን እዚህ ጋ አለፈ? መልሱ የሚገርም ነው። በ1920 በርሊን የአካባቢዋን ከተሞችና መንደሮች ጠቅልላ በ20 ወረዳዎች ተደራጀች፤ ተራ የአስተዳደር ጉዳይ ነበር። በሴፕቴምበር 1944 የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የሶቪየት ተወካዮች ለንደን ላይ ተቀምጠው ከተማዋን ሲከፋፍሉ እነዚያኑ የወረዳ ወሰኖች ተጠቀሙ። በርሊናውያንን ማን ጠይቋቸው! ኦገስት 13 ቀን 1961 ምሥራቅ ጀርመን ወሰኑን በሽቦ አጠረችው፤ ቀጥሎም ግንብ ሆነ።

በበርናወር ጎዳና በአንድ በኩል ያሉት ቤቶች የምሥራቅ፣ ደጃፋቸው ላይ ያለው የእግረኛ መንገድ ግን የምዕራብ ነበር። በር ሲታሸግ ሰው በመስኮት ዘለለ። መስኮቱም በጡብ ተደፈነ። የወረዳ ጸሐፊዎች ያሰመሩት መስመር ሰው ገደለ።

ከዚያ ስድስተኛውን የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ያዙ፤ በርሊን ውስጥ የምወደው መስመር ነው። በክፍፍሉ ዘመን ከምዕራብ ተነስቶ በምሥራቅ ሥር ያልፍና እንደገና ምዕራብ ይወጣ ነበር። በምሥራቁ ክፍል ከፍሪድሪሽ ጎዳና በቀር የትም አይቆምም፤ ተሳፋሪዎች ጭር ባሉ ጣቢያዎች ውስጥ ዘብ ቆመው የሚጠብቁ ወታደሮችን በመስኮት ያዩ ነበር። ወደ ሰሜን ስትሄዱ «የአፍሪካ ጎዳና» የሚባል ጣቢያ ላይ ውረዱ።

ሰፈሩ ቶጎ፣ ካሜሩን እያለ በቅኝ ግዛት ስሞች የተሞላ ነው። ያንን ፔተርስን የምታገኙት እዚህ ነው፤ ናዚዎች በ1939 መንገድ ሰይመውለታል። በ1986 ተቃውሞ ሲበዛ አስተዳደሩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሰሌዳውን ሳይነካ «ከእንግዲህ መታሰቢያነቱ ለሌላ ፔተርስ ነው» አለ፤ ሃንስ ፔተርስ ለሚባል ናዚዎችን ለተቃወመ የሕግ ሰው። ዘዴው ብዙዎችን አላሳመነም። በ2024 ስሙ ጭራሽ ተነሳ። ዛሬ የመንገዱ አንዱ ክፍል በናሚቢያዊቷ አና ሙንጉንዳ፣ ሌላው ከ1905 እስከ 1907 የዛሬዋ ታንዛኒያ ሕዝብ ጀርመኖችን በተዋጋበት በማጂ ማጂ ጦርነት ይጠራል።