የጋሮድ ክር

ከደም የተለየው ፈሳሽ ጠፍጣፋ ብርጭቆ ላይ ይደረጋል። ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያሰኘው አሴቲክ አሲድ ጥቂት ጠብ ይልበታል። ከዚያ አንድ ሁለት ቀጭን የተልባ እግር ክር ይነከርበትና ፈሳሹ እስኪረጋ ይቀመጣል። በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ክሩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ የታማሚው ሕመም ሪህ ከሆነ፣ የዩሪክ አሲድ ክሪስታሎች ተጣብቀውበት ይገኛሉ። የጤነኛ ሰው ደም ከሆነ ክሩ ባዶውን ይወጣል።

ይህን ዘዴ ያገኘው የለንደኑ ሐኪም አልፍሬድ ባሪንግ ጋሮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 በሪህ ታማሚዎች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ መብዛቱን አሳየ፤ የክሩ ምርመራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኬሚስቱ ሼሌ አሲዱን በ1776 ከፊኛ ጠጠር፣ ሌላው ኬሚስት ዎላስተን ደግሞ በ1797 ከሪህ እባጭ አግኝተውት ነበር። የጋሮድ ሥራ ከእነሱ የሚልቀው ጠጠሩም እባጩም ሳይጠበቅ በሽታውን ከደም ላይ በማንበቡ ነው። ሪህን ከሌላው የመገጣጠሚያ ሕመም ለመለየትም ሐኪሞች በእጃቸው የሚጨበጥ ማስረጃ አገኙ።

የሚያስደንቀው ግን ጋሮድ በዚያን ጊዜ የአሲዱን ምንጭ ሊያውቅ የማይችል መሆኑ ነው። ተመራማሪው ሚሸር ከቁስል መግል ዛሬ ዲኤንኤ የምንለውን ነገር የለየው በ1869 ነው። ከእሱ በኋላ ከመጡት ተመራማሪዎች ኮሰል አዴኒንን ያገኘው በ1885፣ ፊሸር ደግሞ የአዴኒን መሠረት የሆነውን ፒዩሪንን በላቦራቶሪ የሠራው በ1898 ነው። ዩሪክ አሲድ የዲኤንኤ ክፍሎች የሆኑት አዴኒንና ጉዋኒን ሰውነት ውስጥ ሲፈርሱ የሚቀር መሆኑ እየተገለጠ የሄደው በዚህ ሁሉ ሥራ ነው። ጋሮድ በክሩ ላይ ያየው የኒውክሊክ አሲድን፣ ማለትም የዲኤንኤንና የመሰሎቹን፣ ፍርስራሽ ነበር።

ይኸው አሲድ በ1964 የሕፃናትን ሕመም ገለጠ። ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ተማሪው ማይክል ሌሽና መምህሩ ዊሊያም ናይሃን ከንፈራቸውንና ጣታቸውን የሚነክሱ ሁለት ወንድማማቾችን መረመሩ፤ የልጆቹ ዩሪክ አሲድ እጅግ በዝቶ ተገኘ። በዚህ በሽታ የተያዘ ሕፃን ዳይፐር ላይ ብርቱካንማ አሸዋ የመሰለ ነገር ይታያል፤ እናት ከሐኪም ቀድማ የምታየው ምልክት ነው። በ1967 የጎደለው ኢንዛይም ታወቀ። አሎፑሪኖል የተባለው መድኃኒት አሲዱን ይቀንሳል፣ ኩላሊትንም ይጠብቃል፤ መንከሱን ግን አያስቆምም። በሽታው አንጎልን የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነውና።

ሌላም ተመሳሳይ የኢንዛይም ጉድለት ተገኘ፤ በ1972 ተመራማሪዋ ኤሎይዝ ጊብሌት በሲያትል ከበሽታ የመከላከል አቅም በሌላቸው ሕፃናት ደም ውስጥ አዴኒንን የያዘውን አዴኖሲን የሚያፈርሰው ኢንዛይም መጥፋቱን አገኘች። በእነዚህ ሕፃናት ሽንት ውስጥ የአዴኖሲን ዘመድ የሆነው ዲኦክሲአዴኖሲን ስለሚበዛ በሽታው ከሽንትም ሊለይ ቻለ። በ1990 በአሜሪካ ተፈቅዶ የተጀመረው የመጀመሪያው የጂን ሕክምናም የዚሁ በሽታ ታማሚ ለሆነች የአራት ዓመት ልጅ ነበር።